በጾም አፍ የሚነፋ ቅንብር

ሰው ሲያናድደኝ ቶሎ አይበርድልኝም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «አንቺ ልጅ ቂምን እንደ ቋንጣ ሰቅለሽ ነው የምታደርቂው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው በ1996 ዓ.ም. በኅዳር መባቻ፣ በረመዳን ነው። ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል። ረጋ ብላ ታውራልን የምትሉ ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሳቢራ እባላለሁ። ያን ጊዜ ከሚሴ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምር ነበር። ኖታ ማንበብና ክላርኔት መንፋት የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ፣ ከአንድ ጡረታ ከወጣ የሠራዊት ባንድ ተጫዋች ነው። ሥርዓቱ ሲለወጥ ቡድኑ ፈረሰ፤ ክላርኔቱም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሙዚቃ ያስተማርኩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። የትራምፔት ሥዕል እስልና «ይህ ትራምፔት ይባላል» እላለሁ። ልጆቹም ሥዕሉን ይገለብጣሉ። በሥዕል ዋና እንደ ማስተማር ማለት ነው።

ታዲያ በ1995 አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት በደሴ መንገድ ላይ ላሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች የልጆች ጃዝ ባንድ አቋቁማለሁ ብሎ ተነሣና ለእኛም ደረሰን። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ አንድ ክላርኔትና ከበሮዎች፣ ያገለገሉ ግን ደህና የሆኑ፣ በፒክአፕ ተጭነው መጡ። አብሮም አንድ ካርቶን ሙሉ ኖታ። ሳጥኖቹን ስከፍት እንዳለቀስኩ አልደብቅም። ልጆቹ ጃዝ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቁኝና እኔም እንደገባኝ ነገርኳቸው። ሁሉም አብሮ ይጀምራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተራ ሲደርሰው ብቻውን ተነሥቶ የሆዱን ይናገራል፤ ሌላው ከሥር ይዞ ይጠብቀዋል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተመልሶ አብሮ ይዘጋዋል። «ታዲያ እንደ ሽምግልና ነዋ» አለኝ ሳክስፎን የሚነፋው ኑርሁሴን። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አልሰማሁም።

መሣሪያዎቹ ግን የተሰጡን በሙከራ ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ባለሙያ መጥቶ ይሰማል፤ አቅም አላቸው ካለ ይቀሩልናል፤ የላቸውም ካለ ተሰብስበው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ግማሹ ነጥብ የሚያዘው ደግሞ ልጆቹ እንዴት ተጫወቱ በሚለው ሳይሆን አስተማሪው የቱን ቅንብር መረጠ በሚለው ነበር። ቅንብሩ ከባድ ከሆነ ነጥቡ ይበዛል፤ ቀላል ከሆነ ያንሳል። ይህን ያወጣው ሰው ልጅ አስተምሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ለልጅ ቅንብር መምረጥ ጫማ እንደ መግዛት ነው። የሚያምረውን አትገዛም፤ እግሩን ለክተህ ነው የምትገዛው።

ከካርቶኑ ውስጥ ልጆቹ የወደዱት በባቲ ቅኝት የተሠራ አንድ ዜማ ነበር። ዜማውን አንድ ሰው ለጃዝ ባንድ በሁለት ዓይነት አቀናብሮታል፤ ቀላል አለው፣ ከባድ አለው። በቀላሉ ትራምፔቶቹ ከመሃል ድምፅ አይወጡም፤ ትንሽ ይነፉና ለሳክስፎኖቹ ለቀው ያርፋሉ። በከባዱ ግን አንደኛዋ ትራምፔት ብቻዋን ወደ ላይ ትወጣለች፤ ጫፍ ላይ ትደርስና እዚያው ድምፁን ይዛ ትቆያለች፤ ሌላው ሁሉ ከሥሯ እየዞረ ይጫወታል። ሲሳካ ልብ ይሰርቃል።

አንደኛዋ ትራምፔት የፋጡሜ ልጅ ዘሊካ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ እንደኔው ቂመኛ። ከተማሪዎቹ ሁሉ ብረቱ ቶሎ እሺ ያላት እሷ ናት። መስከረም ሲያልቅ ከባዱን ቅንብር ይዘውት ነበር፤ ዘሊካም ያንን ጫፍ አትስተውም። እኔም ባለሙያው በመጣ እያልኩ እጠብቅ ጀመር።

የመጣው ግን ረመዳን ነው። ረመዳኑ እንደገባ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ጀይላን ቢሮ ድረስ ጠርቶኝ፣ ባለሙያው በጾሙ አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚሰማን ነገረኝ።

ይህን ነገር ትራምፔት ነፍቶ የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላልና ልንገራችሁ። ብረቱ በራሱ አይጮህም። የሚጮኸው ከንፈር ነው፤ ብረቱ የሚያጎላው ብቻ ነው። ከንፈር ሲርስ ይንቀጠቀጣል፤ ሲደርቅ ይደነድናል። ከሱሑር፣ ንጋት ሳይደርስ ከሚበላው ምግብ፣ ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያላገኘ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከንፈር፣ በኅዳር ነፋስ፣ በዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሚመስል እናት የሆነች ሁሉ ታውቃለች። በዚያ ከንፈር መሃል ድምፅ ይነፋል። ጫፍ አይወጣበትም።

እኔ ይህን በሐሳብ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ዘሊካ ከባዱን ካልሞከርኩ አለች። ተዪ አልኳት። አንዴ ብቻ አለች። ጀመረችው፤ ወደ ላይ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተሰነጠቀና ትራምፔቱን ከአፏ ነጠቀችው። የታችኛው ከንፈሯ ለሁለት ተተርትሮ ደሙ አገጯ ላይ ይወርዳል። ሮጣ ወጥታ ተፋች፤ ደጋግማ ተፋች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ጀመር። ይድናል፣ ቫዝሊን እቀባሻለሁ እያልኩ ላባብላት ብሞክር በእጇ ገፋችኝ።

«ከንፈሬን አይደለም ቲቸር» አለችኝ። «ደሙን የዋጥኩት መሰለኝ። ጾሜ ፈረሰ?»

ያ ረመዳን ዘሊካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን የምትጾምበት ነበር። ባለፉት ዓመታት እንደ ሕፃን እስከ ቀትር ብቻ ነበር የምትጾመው፤ ያን ዓመት ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስታ አልሰበረችም። እረፍት ላይ ልጆቹ «እስቲ ምላስህን አሳይ» እየተባባሉ የነጣ ምላስ እንደ ሜዳልያ ሲያሳዩ፣ እሷ ከሁሉ ፊት ነበረች። ያስገደዳት የለም። እናቷ ፋጡሜ እንዲያውም እየደበቀች ውሃ ልታጠጣት ሞክራ ተጣልተዋል።

በሰፈራችን ያሉትን ሸህ ሙሀመድኑርን ሄደን ጠየቅን። ሸሁ ከንፈሯን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሳታውቂ ለሄደው አላህ አይጠይቅሽም ልጄ፤ ጾምሽ ጾም ነው» አሏት። «እያወቅሽ ግን አትድገሚው።» ዘሊካ ከደጃቸው ስትወጣ ከላይዋ ላይ ድንጋይ የወረደላት ትመስል ነበር። እኔ ግን እዚያው በር ላይ ወሰንኩ። በዘጠኝ ሰዓት የሚሰማን ሰው የሚሰማው ቀላሉን ቅንብር ነው።

አቶ ጀይላን ይህን ስነግረው ወንበሩ አልበቃው አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የዞናችን ስም በበጎ ሲነሳ እንደ ልጅ ደስ የሚለው፣ ከልቡ የሚጾም የሚሰግድ ሰው ነው። ግን አለቃ ፊት ሲቆም አጥንት የለውም። ከአንድ ዓመት ልምምድ በኋላ የጀማሪ ቅንብር አቅርበን መሣሪያው ቢወሰድብን ለወላጅ ምን ልንል ነው አለኝ። የዘሊካን ከንፈር ነገርኩት። እሱ ደግሞ መንዙማ የሚሉት ሰዎች በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜሙ ያድራሉ፤ ማን ከንፈሩ ተሰነጠቀ? ጾም እንዲያውም ድምፅ ያጠራል አለኝ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለኝ። ሰዎቹ የሚያዜሙት አፍጥረው፣ ጠጥተው፣ ሾርባቸውን ፉት ብለው፣ ጫታቸውን ይዘው እንደሆነ እሱ ራሱ ከመሃላቸው ተቀምጦ ያውቃል። መንዙማ የሚወጣው ከጉሮሮ እንጂ ከብረት እንዳልሆነም ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እንግዲያው ሰዓቱ ይቀየር አልኩት። መግሪብ አልፎ ልጆቹ ካፈጠሩ በኋላ ይስማን፤ ከባዱን ያለ አንድ ስህተት እናቀርባለን። እሺ ብሎ ለባለሙያው ስልክ ደወለ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ባለሙያው አቶ ዩሱፍ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ሰው ነው። በጨዋ ድምፅ አይቻልም አለ። ከደቡብ በኩል ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሰምቶ ነው የሚመጣው፤ ሳይመሽ ኮምቦልቻ መግባት አለበት፤ አንድ ቦታ ሰዓት ከለወጠ ሁሉ ቦታ መለወጡ ነው። አቶ ጀይላን «ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ችግር የለም» እያለ ስልኩን ዘጋው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው በወላጅ ሞላ፤ ከጨፋ ሮቢት ገበያ የተመለሱ ሰዎች ሳይቀሩ አህዮቻቸውን አጥር ላይ አስረው ገቡ። ልጆቹ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አቶ ዩሱፍ የለም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ የለም። ሰዓት አይለወጥም ያለው ሰው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ በፒክአፕ መጣ።

ሲወርድ በእጁ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ነበር። ልጆቹን ሲያይ ወደ መኪናው መልሶ ወረወረውና ወደኔ መጥቶ «መንገደኛ ሆኜ ነው፤ ቤቴ ስገባ ያጎደልኩትን ጾም ቀዳ አወጣለሁ» አለኝ። በዚህ አልተቀየምኩትም። ዲኑ ለመንገደኛ ይፈቅዳል። እንዲያውም ጾሙን የሚያስብ ሰው መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ይህ ሰው ይገባዋል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ሾፌሩ ሙሳ እሱኑ ይዞ ሲነዳ የዋለ መንገደኛ ነው፤ ከንፈሩ ግን እንደ ልጆቹ ደርቆ ነጥቷል።

እነሱ ከመንገድ አረፍ እስኪሉ ልጃገረዶቹን ይዤ የዐስርን ሶላት ሰግጄ መጣሁ። ስመለስ የኖታ ማቆሚያዎቹ ላይ ያለው ወረቀት ተለውጧል። እኔ ያስቀመጥኩት ቀላሉን ነው፤ አሁን ያለው ከባዱ ነው። ማን እንደለወጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም። አቶ ጀይላን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ይመስል፣ በኅዳር።

ልጆቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ዘሊካ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ትራምፔቱን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። የከንፈሯ ቁስል ገና ቅርፊቱን አልጣለም። ጠጋ ስላት በሹክሹክታ «ልንፋው ቲቸር?» አለችኝ። «ካልነፋሁት እኮ ይወስዱታል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። አንዲት ሕፃን ልጅ፣ እኛ ትልልቆቹ እያለን፣ ጾምሽን ወይስ ትራምፔትሽን ተብላ እንድትመርጥ ተደረገች። አቶ ጀይላን ላይ ልጮህበት ነበር፤ ሰው ሞልቷል፣ ረመዳን ነው፣ ዋጥኩት። «ዛሬ አትነፊውም» አልኳት። «የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።» ከዚያ ሕዝብ ሁሉ እያየ ማቆሚያ በማቆሚያ እየዞርኩ ከባዱን ሰበሰብኩና ቀላሉን መለስኩ። አቶ ጀይላን በጥርሱ መሃል «ምን እየሠራሽ ነው ሳቢራ» ሲል ሰምቻለሁ። 

ቀላሉን ተጫወቱ። ደህና አድርገው ተጫወቱ። ትራምፔቶቹ ሳይጋፉ ገቡ፣ ሳይጋፉ ወጡ፤ ኑርሁሴን ተራው ሲደርስ ተነሥቶ የሆዱን ተናገረ፤ ትሮምቦኖቹ ከሥር ያዙት። ሕዝቡ «ማሻ አላህ» እያለ ተነሣ። በደረቀ ከንፈር ከዚህ በላይ ሊጫወት የሚችል የልጆች ባንድ ካለ አሳዩኝና እጄን እሰጣለሁ።

አቶ ዩሱፍ ግን እኔንና አቶ ጀይላንን ወደ መኪናው ጠራን። ልጆቹ ጥሩ መሠረት አላቸው አለ። ድምፃቸው ንጹሕ ነው፣ ይደማመጣሉ፣ በዚህ ደስ ብሎኛል አለ። ግን ከዓመት በኋላ የጀማሪ ቅንብር መምረጥ አስተማሪው በልጆቹ ያለውን እምነት ማነስ ያሳያል፤ በመስፈርቱ መሠረት መሣሪያዎቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ አለና ኮፈኑ ላይ ደገፍ ብሎ ፈረመ። አቶ ጀይላን ጫማውን ያያል። እኔ ስለ ከንፈሩ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሰዓቱ፣ አንድም ሳልቆጥብ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ይህ ትዕግሥቱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«እኔም እስላም ነኝ እህቴ» አለኝ። «ልጆች ላይ ጾም ግዴታ አይደለም። ለአንድ ቀን፣ ለዚህን ያህል ጉዳይ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢጠጡ ምን ይሆናሉ?»

«ግዴታ ቢሆንማ የአላህ ነበር» አልኩት። «ግዴታ ስላልሆነ ነው የራሳቸው የሆነው። ማንም አልጫነባቸውም፤ ስለዚህ አንተም ልታወርድላቸው አትችልም።»

እስከ መግሪብ ቆይና ስማቸው፤ ከባዱን ታገኛለህ አልኩት። ሰዓቱን አይቶ ኮምቦልቻ ሳይመሽ መግባት አለብኝ አለ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሮ መሣሪያዎቹን እንዲጭን ነገረው።

ሙሳ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሣም። «ጌታው፣ ከንጋት ጀምሮ በጾም ነድቻለሁ» አለ። «ጉልበቴ አልቋል። አዛን ይበል፣ ላፍጥር፣ ከዚያ እጭናለሁ።»

አቶ ዩሱፍ ሰዓቱን እንደገና አየና «እሺ፣ ግድ የለም፣ እንጠብቃለን» አለ።

እንጠብቃለን አለ። ጆሮዬን አላመንኩም። ልጆቹን ለመስማት የማይጠበቀው መግሪብ፣ የልጆቹን መሣሪያ ለመጫን ተጠበቀ። «ለመስማት ያልተገኘ ጊዜ ለመጫን ከየት መጣ?» አልኩት ፊት ለፊቱ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው አለኝና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። መሣሪያዎቻቸውን በየሳጥኑ አድርገው ከፒክአፑ ኋላ ደረደሩ። ክዳኖቹን ግን አልዘጉም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እናቶች ማፍጠሪያ ይዘው መጡ፤ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ውሃ በጀሪካን። ድሮም ለልጆቹ ሊያመጡ ተነጋግረው ነበር። ትሮምቦን የምትነፋው የጀነት እናት ገና ከበር ስትገባ ሳጥኖቹን አይታ አለቀሰች። ፋጡሜ ግን አላለቀሰችም። ምንጣፍ አነጠፈች፣ ሳህን ሞላች፣ የመጀመሪያውን ሳህን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ አቶ ዩሱፍ ሄደች። «ኮቱ፣ ኑ፣ ከሰው ጋር ቁጭ በሉ» ብላ ከመኪናው አስወረደችው። እኔ ስትመለስ መንገድ ላይ ይዣት የልጅሽን ትራምፔት ለሚወስድ ሰው ሳምቡሳ ታጎርሻለሽ ወይ አልኳት።

«እንግዳ ነው እኮ ሳቢራ» አለችኝ። «እሱ በሠራው እሱ ይጠየቅ፤ እኔ ደግሞ በራሴ እጠየቃለሁ።»

እንዲህ ነን እንግዲህ። የሚዘርፈንን ሳይቀር አብልተን ነው የምንሸኘው። አንዳንድ ቀን ያኮራኛል፤ ያን ቀን አቃጠለኝ።

አዛን አለ። ሁሉም ተምሩን አነሣ። ዘሊካ ውሃውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ሌላ ተቀዳላት፣ ያንንም ጠጣችው። ከንፈሯን በምላሷ ዳበሰች። መግሪብ ተሰግዶ ሲያልቅ ወደኔ መጣችና ከመጫኑ በፊት አንዴ እንንፋው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፈቃድ ከማንም አልጠየቅኩም። እጄን አነሣሁ።

ማቆሚያ የለ፣ ወረቀት የለ። መሣሪያዎቹን ከየሳጥኑ አነሡና እዚያው ፒክአፑ አጠገብ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሰማዩ በቦርከና ወንዝ በኩል ገና አልጨለመም። ኑርሁሴን በሳክስፎኑ ከፈተው፤ ከበሮው ተከተለ፤ ባቲው መጣ። ከባዱ ነው። ዘሊካ ወደ ላይ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተሰበረባት። እሷ ግን ሳቀች፤ ሌሎቹ ያንኑ ዙር ደግመው ዞሩላት፤ እንደገና ወጣች፤ ያዘችው። ያዘችውና ቆየች። ፋጡሜ የያዘችውን ጭልፋ አላስቀመጠችም፣ አላንቀሳቀሰችም። ሙሐመድ የሚባለው ዘበኛችን፣ ሙዚቃ ሐራም ነው እያለ ሲያስቸግረን የኖረው ሰውዬ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

አቶ ዩሱፍ ሾርባውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሣ። ሲያልቅ ወደ ዘሊካ ሄዶ ጎንበስ አለላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ይህን ቅድም ለምን አልተጫወታችሁትም?»

ዘሊካን ጥያቄው ግራ አጋባት። «ቅድም እኮ አዛን አላለም ነበር ጋሼ» አለችው።

ሰውዬው ቀና አላለም። ለረጅም ጊዜ ከንፈሯን፣ ያንን የተተረተረውን ቦታ አየ። «እኔም በእሷ ዕድሜ…» ብሎ ጀመረና ተወው። አቡጀዲ የመሰለ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። አንድ ቀን እሱም ለሶላት ሲታጠብ የውዱእ ውሃ አፉ ውስጥ ይዞ፣ ልዋጠው ወይስ ልትፋው ብሎ ተጨንቆ የተፋ ልጅ ነበር። በእርግጠኝነት ነበር። ፊቱ ላይ አነበብኩት።

አቶ ጀይላን እንኳ በመጨረሻ አፍ አወጣ። «እንግዲህ አቶ ዩሱፍ፣ በጆሮህ ሰማህ» አለ።

አቶ ዩሱፍ ቀና ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። በሚያስደንቅ ሁኔታ እንደተጫወቱ በሪፖርቱ ላይ እንደሚጠቅስ ነገረን። የሰማው ግን ከግምገማው ሰዓት ውጭ ነው፤ ውሳኔው ተፈርሟል፤ ሌላው ትምህርት ቤትም ይጠብቃል። ከፈረመ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ብዕሩ ደረት ኪሱ ላይ ይታያል።

«የፈረምከው አንተ ነህ» አልኩት። «ብዕሩም ያው ኪስህ ውስጥ ነው።»

እኔን አላየኝም። ዘሊካን አላየም። ሙሳን ብቻ አየና «ጫን» አለው።

ሙሳ እኔን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ የሰው ተቀጣሪ ነውና ተነሣ። ዘሊካ ትራምፔቷ ውስጥ የቀረውን ውሃ መሬት ላይ አንጠባጥባ አስወጣች፤ በሻሿ ጫፍ አፉን ጠረገችው፤ እንዳይጋጭ ብላ ራሷ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችና ክዳኑን ዘጋችው። አላለቀሰችም። ፒክአፑ በኮምቦልቻ መንገድ ሲወጣ ጨልሞ ነበር።

በኋላ ብዙ ሰው አባብሎኛል። ሰውዬው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ የእኛን አገር ልጅ ጾም ምን ያውቃል፣ አልገባውም ነበርና ይቅር በዪው ብለውኛል። ሳይገባው ቀርቶ ቢሆንማ ይቅር እለው ነበር። ገብቶታል። ገብቶት ነው «ጫን» ያለው።